አስታማሚው ማን ይሁን? ዘመዱ ሆስፒታል ለሚሰነብትበት ቤተሰብ የምርጫ መመሪያ

አባታችን ከበቅሎ ወድቀው ጭናቸው የተሰበረው በጥቅምት ነው። ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ከመንዝ ደብረ ብርሃን አመጣናቸውና ሆስፒታል 54 ቀን ተኙ። ስንገባ ግን "ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት" ብለን ነበር። የያዝነው አንድ ብርድ ልብስና አንድ ፔርሙስ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰው ዘመድ ሲተኛ ይደወልልኛል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የትኛው ሆስፒታል ይሻላል? አዲስ አበባ እንውሰዳቸው ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እመጣበታለሁ። አስታማሚው ማን ይሁን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። እሱ ሳይመከርበት ይወሰናል። ያላገባችዋ ልጅ፣ ሥራ ያልያዘው ልጅ፣ ወይም ቤቱ ለከተማው የቀረበው ይቀመጣል፣ በቃ። እኔ ካየሁት ግን ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ቁጭ ብሎ ሊማከርበት የሚገባው ይኸው ነው። በሽተኛው ሐኪሙን የሚያየው በቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቀሪውን ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ከአስታማሚው ጋር ነው የሚያሳልፈው።

አንድ ሰው ይቀመጥ ወይስ በተራ?

አንድ ሰው ሲቀመጥ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሁሉን ያውቃል። ትናንት ትኩሳት እንደነበር፣ የትኛው ክኒን እንደሚያቅለሸልሻቸው፣ ቁስሉ መቼ እንደታጠበ። ነርሶቹም ይለምዱታል። ስሙን ጠርተው "ይኼን ፋርማሲ ሄደህ አምጣ" ይሉታል።

እህቴ የመጀመሪያዎቹን 16 ቀናት ብቻዋን ተቀመጠች። ማታ ማታ በሁለት አልጋ መሀል ካርቶን አንጥፋ ትተኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ብርቱ ነበረች። በሁለተኛው የተነገራትን መርሳት ጀመረች። በ15ኛው ቀን አባቴ ትራሱን ደጋግማ እንድታስተካክልላቸው ሲጠይቋት ጮኸችባቸው። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። እህቴ አባቷን ቀና ብላ የማታይ ልጅ ናት። ስትጮኽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አስራ አምስት ሌሊት በወጉ አልተኛችም ነበር።

ሌላም ነገር ነበር፣ ዘግይተን ነው ያወቅነው። አባቴ ውሃ መጠጣት ቀንሰው ነበር። ምክንያቱን ማንም አልጠረጠረም። ለካ ሽንት ሲመጣ ሴት ልጃቸውን "ፖፖ አምጪልኝ" ማለቱ ከብዷቸው ነው። ሽንታቸው እንደ ሻይ ጠቁሮ ነርሷ ስትጠይቅ ነው የወጣው። ታናሽ ወንድሜ ሲመጣ መጠጣት ጀመሩ። ስለዚህ ማን ይቀመጥ ሲባል ማን ጊዜ አለው ብቻ አይደለም። በሽተኛው ማን ፊት ሳይሸማቀቅ ይገለጣል የሚለውም ይታይ። ሌላ ሰው ሳይሰማ ይጠየቅ፣ እሱ ራሱ አይናገርም። በወንዶች ክፍል ሴት አስታማሚ ማደር ትችል እንደሆነም አስቀድማችሁ ነርሶቹን ጠይቁ።

ከእህቴ መድከም በኋላ ወደ ተራ ገባን። ሰውነት ያርፋል፣ ሁሉም ልጅ አባቱን ያያል። ግን ተራ የራሱ ችግር አለው። ወሬ መሀል ላይ ይጠፋል።

ለቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጦ ነበር። ማታ ነርሷ ወንድሜን "ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ፣ ውሃም ቢሆን" አለችው። ወንድሜ ጎህ ሲቀድ ለአዲስ አበባው መኪና ተጣድፎ ወጣ። ለእህቴ ሳይነግራት ሄደ። እሷ ትኩስ አጥሚት ይዛ ገባች። አባቴም ደስ ብሏቸው ጠጡ። ሆድ ውስጥ ምግብ እያለ ማደንዘዣ መስጠት ያስፈራል። የተበላው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ቀረ። ሌላ ተራ የደረሳቸው ከ9 ቀን በኋላ ነው። እነዚያን 9 ቀናት የተሰበረው አጥንት ቀጥ እንዲል እግራቸው በክብደት እንደተጎተተ በጀርባቸው ተኝተው ቆዩ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ የልጆቹ ነበር።

እኔ የምመክረው ከሁለቱ የተዳቀለ ነው። ተራ ይኑር፣ ነገር ግን ክሩን የያዘ አንድ ሰው ይኑር። ያ ሰው ሆስፒታል ማደር የለበትም። ሐኪሞቹ ራውንድ በሚያደርጉበት፣ ማለት በየአልጋው እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት መገኘት ግን አለበት። ሐኪሙ የሚያናግረው እሱን ነው፣ ፊርማ ሲጠየቅ የሚጠራው እሱ ነው፣ ለዘመድ ስልክ የሚመልሰውም እሱ ነው። በእኛ ቤት ደብረ ብርሃን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛንና ከትራሳቸው ሥር አስቀመጥን። ምን በሉ፣ ስንት ኩባያ ጠጡ፣ ትኩሳቱ ስንት ነበር፣ ሐኪሙ ምን አለ፣ የቱ መድኃኒት አለቀ፣ ነገ ምን ይጠየቃል። ደረሰኞቹም በዚያው ይታጠፋሉ። ተራ የሚለዋወጡ ሁለት ሰዎች አልጋው አጠገብ ተገናኝተው ደብተሩን አብረው ያያሉ። በስልክ አይሆንም፣ መናኸሪያ ላይ አይሆንም። እናቴ መጻፍ አትችልም። የእሷ ተራ ሲሆን የጎረቤት አልጋ አስታማሚ የነበረ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ይጽፍላት ነበር። እግዜር ይስጠው።

የተራው ርዝመትስ? ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ቀንና ሌሊት ሊከፋፈል ይችላል። ከገጠር ለሚመጣ አንድ ቀን አያዋጣም፣ ትራንስፖርቱ ይበላዋል። ከአምስት ሌሊት በላይ ግን ማንም አይቀመጥ። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ተተኪው ሳይደርስ ያለው እንዳይወጣ ተነጋገሩ። በእኛ አካባቢ ይኼ ያጋጥማል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ፈቃዳችሁን በመጀመሪያው ሳምንት አትጨርሱት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መጠየቅ ይቻላል፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ። እኔ የዓመት ፈቃዴን ለቀዶ ጥገናው ሳምንትና ከሆስፒታል ለሚወጡበት ሳምንት አቆየሁት። ሰው በእጅጉ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ሰው መቅጠርስ? ልጆቹ ሁሉ ሩቅ ላሉበት ቤተሰብ በቀን ሒሳብ የሚያስታምም ሰው መያዝ ነውር አይደለም። ለሌሊት በጣም ይረዳል። ነገር ግን የተቀጠረ ሰው ለብቻው ውሳኔ ላይ አይጣል። ክሩን የያዘው ዘመድ በየቀኑ ይደውል፣ ቢቻል ይምጣ። ገንዘብ በእጁ አብዝታችሁ አትስጡት፣ የመድኃኒቱን ሒሳብ በደረሰኝ ተረከቡ። ይኼ እሱንም ከሐሜት ያድነዋል።

ማንም ይቀመጥ ማን፣ እነዚህን ይወቅ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር። እንደ አባቴ እግሩ በክብደት የተጎተተ ሰው አይገላበጥም። እሱ እንዴት ክብደቱን ከጀርባው እንደሚያነሳ ነርሷ ታሳያችሁ። ተረከዝ፣ መቀመጫና የጀርባ አጥንት በየቀኑ ይታይ። በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት ካለ የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው፣ ያንኑ ቀን ይነገር። የሚጎትተው ክብደት መሬት እንዳይነካ፣ ማንም "ይረፉ" ብሎ እንዳያነሳው። የግሉኮሱን ፍጥነት አትንኩ። ባቱ ድንገት ካበጠና ካመመው፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ነርስ ቀስቅሱ። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

ደብረ ብርሃን ወይስ አዲስ አበባ?

በሰሜን ሸዋ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲናና አረርቲ ሆስፒታል አላቸው። ከበድ ያለው ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል። ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ለአደጋ ወደ አቤት ሆስፒታል ይሄዳል።

የሚያስፈልገው ሕክምና እዚህ ከሌለ ክርክር የለውም። ለምሳሌ የካንሰር ጨረር ከሆነ ይሄዳል። የሚያከራክረው እዚህም እዚያም የሚሠራው ነው። ያኔ እኔ እዚሁ ይቆይ ባይ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ትራንስፖርቱ ያን ያህል አይደለም። ወጪው እዚያ ለወራት መኖር ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ተራው ይፈርሳል። ከመንዝ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ በየአምስት ቀኑ የሚመላለስ ዘመድ ማን አለው? ሰው ሲቀር ሸክሙ ተመልሶ አንዲት ልጅ ላይ ይወድቃል።

ወንድሜ አባቴን አዲስ አበባ ለመውሰድ በጣም ፈልጎ ነበር። የከተማው ሕክምና ይሻላል ከሚል ቅን ሐሳብ ነው። ሐኪሙን ጠየቅነው። "ይኼ ቀዶ ጥገና እዚህ ይሠራል፣ እዚያ ብትሄዱም ወረፋ አለ" አለን። እናንተም እንዲህ በቀጥታ ጠይቁ። ሪፈር ከተጻፈም የሆስፒታሉ ላያዥን ቢሮ (ሪፈር የሚያስተባብረው) ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ እንዳለው ደውሎ እስኪያረጋግጥ ጠብቁ። ወረቀት ስለተጻፈ አልጋ ተገኘ ማለት አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያላችሁ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈሩን በቅደም ተከተል ይዛችሁ ሂዱ። በራሳችሁ ዘላችሁ ከሄዳችሁ መድኑ እንደሚገባው አይሸፍንላችሁም።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል። አጎታችን ወጌሻ ይምጣ ብለው ነበር። ወጌሻን አልንቅም፣ ብዙ ወለምታ አሽተው ያዳኑ አሉ። የተሰበረ ጭን ግን ሌላ ነው። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ያጣል። ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ እግሩን እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ራጅ ሳይነሳ አይታሰር።

የት ይታደር?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። የሆስፒታል ወለል ላይ ካርቶን አንጥፎ ነጠላ ለብሶ የሚተኛ አስታማሚ በሳምንቱ ራሱ ታማሚ ነው። ሌሊት የሚያድር ሰው የመንዝ ባና ይኑረው። ከላይ ለመልበስ ሳይሆን ከሥር ለማንጠፍ። ብርዱ ከሲሚንቶው ነው የሚመጣው።

የእኔ ቤት ያኔ ዘመድ ቤት ሆነ። ስለዚህ ከአስተናጋጁ ወገን ያለውን ልናገር። እንግዳ አይከብድም፣ ደስ ይላል። የሚከብደው ሳይነገር የሚመጣ እንግዳና ባዶ የሚሆነው ሌማት ነው። እናቴ ይኼን ስለምታውቅ አንድ ማዳበሪያ ገብስ፣ ሽሮና በርበሬ አስቀድማ ላከች። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ዘመድ ቤት ለማደር የመረጣችሁ እንዲሁ አድርጉ። መቼ መጥታችሁ መቼ እንደምትሄዱም ተናገሩ።

ዘመድ ለሌለው ምርጫው አልቤርጎና በወር የሚከራይ ክፍል ነው። ለሦስት አራት ቀን አልቤርጎ ይሻላል። ሆስፒታል የምትቆዩት ከአስር ቀን እንደሚበልጥ ሐኪሙ ከነገራችሁ ግን ጊዜ ሳታጠፉ ክፍል ፈልጉ። አባቴ ክፍል ውስጥ ከተለያየ ወረዳ የመጡ ሁለት ቤተሰቦች ተዋውቀው አንድ ክፍል በጋራ ተከራዩ። አንዱ ሆስፒታል ሲያድር ሌላው ይተኛል። ማብሰያ አገኙ፣ ልብስ ማጠቢያ አገኙ። ከሁሉም የተሻለው መላ የእነሱ ነበር።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። የሆስፒታሉን ምግብ አትናቁ፣ ትኩሱን ከቤት ጨምሩበት። የስኳር ወይም የኩላሊት ታማሚ ከሆነ ግን ከቤት የሚመጣውን ሁሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለአስታማሚው በሶና ቆሎ ይቀመጥ፣ ሌሊት ይርበዋል።

ጾሙ ግን አስቸግሮን ነበር። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ አባቴ እንቁላሉንም ወተቱንም ተዉ። ስብራትና ቁስል ለመዳን እንዲህ ያለ ምግብ ይፈልጋል። እኛ ልጆቹ ሦስት ቀን ተከራከርናቸው፣ እሳቸው ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን ለነፍስ አባታቸው ደወልንና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግን። ምን እንዳሏቸው አልሰማንም። ከሰዓት በኋላ እንቁላል ቀቅሉልኝ አሉ። ሦስቱን ቀን በከንቱ ነው ያደከምናቸው።

ጠያቂና መርዶ

ጠያቂ ብርታት ነው። መንዝ ላይ ሰው ተኝቶ አለመጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ አገሬው ያውቃል። ስለዚህ አትከልክሉ፣ አከፋፍሉ እንጂ። ክሩን የያዘው ሰው "እናንተ ቅዳሜ፣ እናንተ እሑድ" ይበል። አልጋ ላይ አይቀመጡ፣ ሲገቡም ሲወጡም እጅ ይታጠቡ። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሙዝና ለስላሳ ከማምጣት ደግሞ "ዛሬ ሌሊት እኔ ላድር" ማለት ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አባቴ በተኙ በአምስተኛው ሳምንት አብሮ አደጋቸው አገር ቤት አረፉ። አብረው ከብት ያገዱ፣ አብረው ያረሱ፣ አብረው ማኅበር የጠጡ ናቸው። ይነገራቸው ወይስ ይቆይ? ተሰበሰብን። መደበቅ ያሉት ምክንያታቸው ጥሩ ነው። በሽተኛ ነው፣ ይደነግጣል፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ሲነሱ ይረዱታል። ይነገራቸው ያልነው ጥቂት ነበርን። ተሸነፍን። ደበቅን።

ከስምንት ቀን በኋላ ከአገር ቤት ጠያቂ መጣ። ጥቁር ለብሶ ነበር። ማንም አላስጠነቀቀውም። አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "ማነው?" አሉት። ሰውየው መዋሸት አልቻለም። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እግራቸው ታስሮ ስለነበር መዞር የቻለው አንገታቸው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምንነግራቸውን ነገር ሁሉ ይጠራጠሩ ጀመር። "ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ" ስንላቸው ነርሷን ጠሩና ደግመው ጠየቁ።

ስለዚህ ሁለቱን ሳስተያይ መንገር ይሻላል እላለሁ። አነጋገሩ ግን ይታሰብበት። ከቀዶ ጥገና በፊት ባለው ቀን አይነገር። ትኩሳት ባለበት ቀን አይነገር። ነርሷ አስቀድማ ትወቅ፣ የደም ግፊታቸውን ትለካ። የሚናገረው በሽተኛው የሚያከብረው ትልቅ ሰው ይሁን፣ በስልክ አይሁን። ለቅሶ የሚቀመጥ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ይኑር። ጎረቤት አልጋ ያሉት ቀድመው ቢነገራቸው ደግ ነው፣ እነሱም አብረው ያዝናሉ። ስለ በሽታው ራሱም ቢሆን እንዲሁ ነው። በሽተኛውን "ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ልንገርህ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አንዳንዱ "አንተ ስማልኝ" ይላል። ያም መልስ ነው።

ሲወጡ አገር ቤት ወይስ እዚሁ?

ሁሉም በሽተኛ አገሬ ውሰዱኝ ይላል። አባቴም ታኅሣሥ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ የጠየቁት መኪናውን ነው። ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ግን ቁስሉ መታየት አለበት፣ ክር ይወጣል፣ ራጅ ይነሳል። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከመንዝ በጣርማ በር ዞሮ መመላለስ ለአዲስ ስብራት አይሆንም። በሌላ በኩል አገር ቤት ዘመዱም አየሩም ያድናል። ሐኪሙን ቀጠሮዎቹ ስንት እንደሆኑ ጠይቁና ቁጠሩ። አንድ ብቻ ከሆነ ይሂዱ። ሁለትና ከዚያ በላይ በአጭር ጊዜ ውስጥ ካለ ይቆዩ። የእኛ ሦስት ነበር። ስድስት ሳምንት እኔ ቤት ተቀመጡ።

ገብሱን አስበው እንዳይቸኩሉ ብለን ፈርተን ነበር። ጎረቤት በደቦ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ አግብቶ ጨርሶታል። ይኼን ለመንገር ማንም መሰብሰብ አላስፈለገውም፣ ሁላችንም ተሻምተን ነገርናቸው። ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ አለ። የመጨረሻው ገጽ እናቴ ተናግራ ልጄ የጻፈችው ነው፦ "ዛሬ በክራንች እስከ አጥሩ በር ሄደው ተመለሱ። ሁለት ኩባያ ሻይ ጠጡ። በቅሎዋን ጠየቁ።"